የአምስተኛው ፎቅ ቅርጫት

ኢንሻራህ ከአምስተኛ ፎቅ በእግሯ ከወረደች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። ቅርጫቷ ግን በቀን አራት ጊዜ ይወርዳል። ጠዋት ለዳቦ፣ ረፋድ ላይ ለአትክልት፣ ከሰዓት በኋላ የሰፋችውን ልብስ ይዞ፣ አመሻሽ ላይ ደግሞ እንዲያው ወሬ ለመልቀም። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ነኝ፤ ያ ቅርጫት በበረንዳዬ ፊት ሳያልፍ የዋለበት ቀን የለም ልል ነበር። አለ። የማወራውም ስለዚያ ነው።

ስሜ ፊክሪያ ይባላል። ይህን ታሪክ ሌላ ሰው ቢያወራው እኔን ደግ ጎረቤት አድርጎ ያቀርበኝ ነበር፤ ስለዚህ እኔው ራሴ ባወራው ይሻላል።

ሕንፃችን እስክንድርያ፣ ካርሙዝ ሠፈር ውስጥ ነው። አሳንሰር የለውም፤ ዘጠና ስድስት ደረጃ አለው። ኢንሻራህ ሙሽራ ሆና ስትመጣ ዘጠና ስድስቱንም ከበሮ እየተመታላት፣ የቀሚሷን ጫፍ ሰብስባ ይዛ፣ እየጨፈረች ነው የወጣችው። ከበሮ መቺዎቹ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ትንፋሽ አጥሯቸው ቁጭ ሲሉ፣ «ምነው፣ የምትዳሩት እናንተ ናችሁ እንዴ?» ብላ ሳቀችባቸው። ያን ጊዜ ወገቧ በሁለት እጅ ይጨበጥ ነበር። እኔ ከእሷ በስድስት ወር ቀድሜ የገባሁ ሙሽራ ነበርኩ፤ እውነቱን ለመናገር በወገቧ ቀንቻለሁ።

ባሏ አብዱልሐሚድ ወደብ ላይ ክሬን ይነዳ ነበር። አንድ ቀን ምሳውን በልቶ ጋደም እንዳለ በዚያው ቀረ። ሐዘን አንዱን ያከሳል፣ አንዱን ያወፍራል። ኢንሻራህ ለአንድ ሰው ምግብ መሥራት አታውቅም፤ ለሁለት ትሠራና የሁለቱንም ድርሻ ትበላለች። ከዚያ ደረጃው በታጠበ ቀን አንሸራተታትና ጉልበቷ ተሰበረ፤ አጥንቱም ጠምሞ ገጠመ። መጀመሪያ ለአንድ ወር አልወርድም አለች፤ ቀጥሎ ብርዱ ይለፍ አለች፤ በኋላ ማለቱንም ተወችው።

«መውረድማ ድንጋይም ይወርዳል፤» ትል ነበር። «ችግሩ መውጣቱ ነው።»

ሥራዋን ግን አላቆመችም። የሠፈሩን ሱሪ የምታሳጥረው፣ ዚፕ የምትቀይረው፣ ቁልፍ የምትተክለው እሷ ናት። ልብሱ በቅርጫት ይወጣል፣ በቅርጫት ይወርዳል። ሰውን ሳታየው በልብሱ ታውቀዋለች። አንድ ቀን የባሌን ሱሪ ልኬላት ከላይ አንገቷን ብቅ አድርጋ፣ «አንቺ ፊክሪያ! ይህ ሰውዬ በአንድ ዓመት ሦስት ጣት ከስቷል፤ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው!» ብላ ጮኸች። ወሰድኩት፤ ስኳር ተገኘበት።

ስለ ቅርጫት ደንባችንም ልናገር። በእኛ ሠፈር ቅርጫት ላይ ጨርቅ ጣል ይደረግበታል፤ ዓይን እንዳያርፍበት። ያን ጨርቅ ገልጦ ማየት ነውር ነው። ለጎረቤትሽ የምታስቀምጪው ነገር ካለ እጅሽን ከጨርቁ ሥር ሰድደሽ ታስቀምጪና ገመዱን አንዴ ሳብ ታደርጊያለሽ፤ «ያዢው፣ ከብዷል» ማለት ነው። የተላከልሽን ደግሞ አትመልሺም። የተላከ ምግብ መመለስ ደጅ ላይ ቆሞ ከመሳደብ አይተናነስም።

ለሆድ ማሳነሻው ቀዶ ሕክምና የኢንሻራህ ስም መዝገብ ላይ ሁለት ዓመት ቆየ። ተራዋ የደረሰው አንድ ልጇ ኒስሪን የሁለት ወር ነፍሰ ጡር በሆነች ጊዜ ነው። ኒስሪን ያገባችው ሌላ ከተማ፣ ደመንሁር ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ጽንስ ወርዶባታል፤ ስለዚህ ሐኪሟ መንገድም ደረጃም ከልክሏት ነበር። ልጅ ወደ እናቷ መምጣት ካልቻለች እናት ወደ ልጇ መሄድ አለባት። ኢንሻራህ በጣቷ ቆጠረች፤ ሰባት ወር። የቀዶ ሕክምናውን ሐኪም በስልክ፣ «በሰባት ወር ስንት ኪሎ ይቀንስልኛል?» ብላ ጠየቀችው፤ «አርባ፣ ቢበዛ ሃምሳ» አላት። ምድር ቤት ልብስ የሚተኩሱት ሐጂ መቶሊ ከእህል ነጋዴ የጆንያ ሚዛን ተውሰው፣ በትከሻቸው አምስተኛ ፎቅ አድርሰው መዘኗት። መቶ ስድሳ አንድ ኪሎ ሆነች።

«ሃምሳ ይቀንስልኝ እንጂ፣» አለችን በዚያን ቀን፣ «የናሱን ሙቀጫ ተሸክሜ በእግሬ ነው የምወርደው። በሰባተኛው ቀን በልጁ ጆሮ ሥር የምወቅጠው እኔ ነኝ። ሌላ ሰው ከወቀጠው፣ ወላሂ፣ ማንንም ይቅር አልልም!» በእኛ ልማድ ልጅ በተወለደ በሰባተኛው ቀን፣ ድምፅ እንዳያስደነግጠው በጆሮው ሥር ባዶ ሙቀጫ ይወቀጣል። ሙቀጫው የእናቷ ነበር። ለኒስሪንም በሰባተኛ ቀኗ የተወቀጠው እሱ ነው።

ከሆስፒታሉ የአመጋገብ ወረቀት መጣላት። አሥራ አራት ቀን ፈሳሽ ብቻ፤ መረቅ፣ ቀጭን እርጎ፣ ውሃ። ጉበቷ ስብ ይዞ አብጧል፤ ሆዷን ሸፍኖታል፤ እሱ ካልሟሸሸ ሐኪሙ ሆዷ ጋ መድረስ አይችልም። ይህን ሁሉ ኢንሻራህ ራሷ በረንዳዋ ላይ ቆማ ለሕንፃው በሙሉ አነበበችልን። ስለዚህ አላወቅንም ማለት አንችልም።

በአራተኛው ቀን ማሕሺ ሠራሁ። ሩዙን በጎመን ቅጠል ስጠቀልል እሷን አሰብኩ፤ ማሕሺ ስትወድ ለጉድ ነው። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሆዷ የጡጫ ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ዕድሜዋን ሙሉ ማሕሺ በልታ ልትጠግብ አትችልም። ሰው ሳይሰናበቱት መንገድ ይሄዳል? አራት ፍሬ ብቻ በትንሽ ሳህን አደረግኩ። አራት ፍሬ ምን ያደርጋታል ብዬ። ቅርጫቱ ሲያልፍ እጄን ከጨርቁ ሥር ሰደድኩና ገመዱን ሳብኩት። ከላይ፣ «እጅሽ ይባረክ!» አለች። ደስ አለኝ። በስድስተኛው ቀን ደገምኩት፤ በዘጠነኛውም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ጠዋት የአብዱልሐሚድ የወደብ ጓደኞች አራት ሆነው መጡ። ባለ መደገፊያ ወንበር ላይ አስቀምጠው በመቀነት አሰሯትና ተሸክመው ወረዱ። ሐጂ መቶሊ ከፊት ከፊት የኋሊት እየወረዱ፣ «ወደ ግራ! ደረጃው ተሸርፏል!» እያሉ ያዛሉ።

«ሐጂ፣ ቀስ ይበሉ፤» አለቻቸው፤ «እኔ ብወድቅ የምጮኸው እኔ አይደለሁም፤ ከሥሬ ያሉት ናቸው።» ሰዎቹ በሳቅ ወንበሩን ሊለቁት ነበር። በየፎቁ በር ተከፍቶ እልል ተባለላት። ታች ስትደርስ ፀሐዩ ዓይኗን ወጋውና በእጇ ከለለችው። «ስመለስ አንድ ጊዜ ታወጡኛላችሁ፤ ከዚያ ወንበሩን ሰባብራችሁ አንድዱት» አለች።

ሆስፒታል አብሬያት ያደርኩት እኔ ነኝ። ቀዶ ሕክምናው ሁለት ሰዓት ይፈጃል ተብሎ ነበር፤ አንድ ሰዓት እንኳ ሳይሞላ ሐኪሙ ወጣ። ፊቱን ሳየው ሞታለች ብዬ ነበር።

«ደህና ናት፤» አለኝ። «ግን አልሠራነውም። በትንንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተን አየን፤ ጉበቷ ሆዷን ሙሉ በሙሉ ሸፍኖታል። ልናነሳው ስንሞክር መድማት ጀመረ። ብንገፋበት እናጣት ነበር፤ ዘግተን ወጣን።»

ስትነቃ ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። እጇን በብርድ ልብሱ ሥር ሰድዳ ሆዷ ላይ የተለጠፉትን ፕላስተሮች አንድ በአንድ ዳሰሰች፤ አራት ናቸው። ፈገግ አለች።

«አለቀ?» አለችኝ። «አልሐምዱሊላህ በይኛ፣ ምን ያስለቅስሻል?»

ሐኪሙ ገብቶ ነው የነገራት። ሰማችው፤ አላለቀሰችም። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እና ቁስሉስ የምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። የምንም ነው ሊላት አልቻለም።

«አሥራ አራቱን ቀን ምን በላሽ?» አላት።

«ወረቀቱ ላይ ያለውን።»

«ከእሱ ሌላስ?»

ቀስ ብላ ወደ እኔ አየች። ከዚያ ወደ ኮርኒሱ ዞረች። «ምንም» አለች።

ሐኪሙ ግንባሩን ቋጠረ። ይህን ያህል ቀን ተጠንቅቃ ጉበቱ ካልቀነሰ ጉበቱ ራሱ ታሟል ማለት ነው አለ። ከቀዶ ሕክምናው መዝገብ ስሟን ሰርዞ ወደ ጉበት ክፍል ላካት፤ እዚያ ደግሞ ገና እንደ አዲስ ወረፋ አለ። ሲጽፍ ብዕሩን እያየሁ አጠገቧ ቆሜያለሁ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። አልተናገርኩም።

ሲመልሷት ያው አራት ሰዎች፣ ያው ወንበር ነው። ያው ክብደት። የሚሰማው የሰዎቹ ትንፋሽና የጫማቸው ድምፅ ብቻ ነበር። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሊያርፉ ወንበሩን ሲያስቀምጡ፣ የሦስተኛ ፎቋ ኤቭሊን ውሃ ይዛ ወጣች፤ ኢንሻራህን ስታይ ውሃውን ለሰዎቹ መስጠቱን ረስታ በሯን ይዛ አለቀሰች። ኢንሻራህ ዓይኗን ጨፍና ነበር። አምስተኛ ፎቅ ሲደርሱ አንደኛው ሰውዬ ወንበሩን ወደ ደረጃው ጥግ ሊገፋው ሲል፣ «ተወው ልጄ፤» አለችው። «ከበሩ ኋላ አስቀምጥልኝ። ያስፈልጋል።»

በማግስቱ ቅርጫቱ አልወረደም።

በሦስተኛው ቀንም፣ በአምስተኛውም። ገመዱ ከበረንዳዋ ብረት ላይ ተጠቅልሎ ይታያል። የአራተኛ ፎቋ ሰባሕ ቁልፍ ስላላት መረቅ ታደርስላታለች፤ «ግድግዳውን ታያለች፤ መጋረጃውን እንኳ አትከፍትም» ትለናለች። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ታች ቆሞ ይጣራና ይመለሳል። እኔ በቀን አሥር ጊዜ ወደ በረንዳ እወጣለሁ፤ ባዶ አየር አይቼ እገባለሁ።

በዘጠነኛው ቀን ኒስሪን ከደመንሁር ደወለችልኝ። አክስቴ ለማለት ኻልቲ ነው የምትለኝ።

«ኻልቲ ፊክሪያ፣ የእማ ጉበት ታሟል አሉኝ። ካንሰር ነው እንዴ? እውነቱን ንገሪኝ፤ ሸሽገሽኝ ነው?»

«ኧረ ምን ካንሰር! አይዞሽ፣ አንቺ ሆድሽን ጠብቂ» አልኳት። ያቺ ልጅ ሁለት ጽንስ አጥታለች፤ በእኔ አራት ፍሬ ማሕሺ ሦስተኛውን ልታጣ ነው። አራት ነው የምለው፤ አሥራ ሁለት ነው።

ወደ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ የኤቭሊንን በር አንኳኳሁ። «ኤቭሊን፣ አንድ ነገር ልንገርሽ፣ እንዳትጠይኝ» ስላት ፊቷ ተለዋወጠ።

«አውቀሻል ማለት ነው፤» አለች። «ማን ነገረሽ? ፉል ነው የላክሁት፣ ፊክሪያ! እኛ ጾም ላይ ስለነበርን ቅቤ እንኳ አልነበረውም፤ ዘይት ብቻ ነው!»

እዚያው እንደቆምን ሰባሕ ከላይ ወረደች፤ የወተት ሩዝ ነው የእሷ። «ይዋጣል እንጂ አይታኘክም፤ ምንም አይደለም ብዬ» አለች። ሐጂ መቶሊ ጩኸታችንን ሰምተው ካውያቸውን አስቀምጠው ወጡ፤ ሰሙንና ደረጃው ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ።

«እኔ እንኳ ወረቀቱን አክብሬያለሁ፤» አሉ። «ፈሳሽ ይላል። የአሸንኮራ ጭማቂ ነው በየቀኑ አንድ ጠርሙስ የላክሁላት።»

«በየቀኑ!» አልን ሦስታችንም።

«ሰውነቷ እንዳይደክም ብዬ ነዋ!»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እኛ ጌጣችንን አንድ አንድ እያልን ሰብስበን አንዲት ሴት ላይ ጫንነው። እያንዳንዳችን የላክሁ እኔ ብቻ ነኝ ብለናል፤ ጨርቁን ገልጦ ያየ የለማ፤ ነውር ነዋ! ያን ቀን ደረጃው ላይ ቆሜ ነውራችንንም ደግነታችንንም ረገምኩ።

ወደ እሷ የወጣሁት ብቻዬን ነው። መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ የራሷን ቀሚስ ጎን ትተረትራለች።

«ኡም ኒስሪን፣ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አልኳት፣ በልጇ እናትነት ጠርቼ።

«ማሕሺውን ነው?» አለች ቀና ሳትል። «ሩዙ ትንሽ ጠጥሮ ነበር።»

«ሌሎቹም ልከዋል፤ ሁላችንም...»

«አውቃለሁ እንጂ። የበላሁት እኔ አይደለሁ?»

«ታዲያ ለምን አልመለስሽውም? ለምን አልጣልሽውም?» ብዬ ጮህኩባት። ጥፋተኛዋም እኔ፣ የምቆጣውም እኔ።

መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰካችና አየችኝ። «አንቺ ባል አለሽ፤ ገበያ ትወርጃለሽ፤ ከሰው ጋር ትጋፊያለሽ። እኔን ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ የሚነካኝ በዚያ ገመድ ነው። ሳብ ስታደርጉት እጄ ላይ ይሰማኛል። አንድ ቀን ብመልስላችሁ ትቀየማላችሁ። በማግስቱ የሚያስቀምጥ የለም። ከዚያ ገመዱ ይወርዳል፣ ይወጣል፤ የሚስበው የለም። ረሃቡን እችለው ነበር፣ ፊክሪያ። ያንን ነው ያልቻልኩት።»

«ሐኪሙንስ ለምን ዋሸሽው?»

«አጠገቤ ቆመሽ አልነበር? ምን ልበለው? ይቺ ናት ልበለው?»

ከዚያ በኋላ አለቀሰች፤ ሆስፒታል ያላለቀሰችውን ሁሉ። «ሙቀጫውን አጥቤ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ ነበር እኮ» እያለች። ጭንቅላቷን ደረቴ ላይ አስደግፌ ይዣት ቆየሁ። 

በማግስቱ ከሐጂ መቶሊ ጋር ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙን እስከ ቀትር ጠበቅነው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ማሕሺውን፣ ፉሉን፣ የወተት ሩዙን።

«እና አሸንኮራ» አሉ ሐጂ አንገታቸውን ደፍተው።

ሐኪሙ አልሳቀም። «ደሟን ለማንኛውም እናያለን፤» አለ በመጨረሻ። «ግን ነገሩ ይህ ከሆነ ጉበቷ የታመመ አይመስለኝም። በራሷ ሃያ ኪሎ ትቀንስ፤ ያን ጊዜ መልሼ እመዘግባታለሁ። ተራው ግን አልፏል፤ ከዓመት በፊት አይደርሳትም።»

ሐጂ በጣታቸው ሊቆጥሩ ጀምረው ተዉት። እሷ ቀንሳ እስክትወርድ ልጁ ቆሞ ይሄዳል።

ለኒስሪን በስልክ የነገርኳትም እኔ ነኝ። እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። «እናቴን አምኜ ለእናንተ ነበር የተውኳት» አለችና ዘጋችው። ከዚያ በኋላ ስደውልላት አላነሳችም። ልክ ናት፤ ምን ትበለኝ?

ሕንፃው ውስጥ አዲስ ደንብ አወጣን። በኢንሻራህ ቅርጫት ምግብ የሚያስቀምጥ የለም፤ የሚገዛላትን ሰባሕ ብቻ ታያለች። ጨርቁም ተነሳ። ነገር ግን ቅርጫቱ ሲያልፍ ሁላችንም ገመዱን እንስባለን። ሰባሕ ሄዳ ለምናት፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ረፋድ ላይ ቅርጫቱ ወረደ። መጀመሪያ ሰባሕ ሳበችው፣ ቀጥላ ኤቭሊን፣ ከዚያ እኔ፣ ታች ሐጂ።

«ምንድን ነው የምትስቡት?» ብላ ከላይ ጮኸች። «ምን አስቀመጣችሁ ደግሞ?»

«ምንም!» አለች ኤቭሊን። «ምንም አላስቀመጥንም!»

ቅርጫቱን ወደ ላይ ጎተተችው። ትንሽ ቆይታ፣ የምትገዛው ነገር ሳይኖር፣ መልሳ አወረደችው።

ይህን ስል ነገሩ ቀና ማለቴ አይደለም። በመጀመሪያው ወር አራት ኪሎ ቀነሰች፤ በሁለተኛው ሁለት፤ በሦስተኛው ምንም። በጆንያው ሚዛን ላይ ቆማ ሐጂን፣ «ደግመው ይዩት፤ ደብዝዞብዎት ነው» ትላቸዋለች። በአራተኛው ወር፣ ደረጃውን ልሞክረው ብላ የሰባሕን ትከሻ ይዛ እስከ አራተኛ ፎቅ ወረደች። አሥራ ዘጠኝ ደረጃ ነው። መመለስ አቅቷት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ቀረች፤ ያንን ወንበር ከበሩ ኋላ አውጥተን በዚያ አወጣናት። ከዚያ በሯን ዘጋችብን። እኔም እቤቴ ገብቼ፣ ባሌ ምን ሆነሽ ሲለኝ ሰደብኩት።

ኒስሪን የወለደችው ሳምንት ቀደም ብላ ነው፤ በቀዶ ሕክምና፣ ወንድ። ኢንሻራህ ያን ጊዜ አሥራ አንድ ኪሎ ቀንሳ ነበር። በአምስተኛው ቀን ስልኬ ጮኸ። ከዚያች ቀን ወዲህ ኒስሪን ስትደውልልኝ የመጀመሪያዋ ነው።

«ኻልቲ፣» አለችኝ፤ ድምፅዋ ደክሟል። «ሙቀጫውን ታመጪልኛለሽ?»

«እኔ?»

«እማ አንቺ ነሽ ያለችው።»

በሰባተኛው ቀን ጠዋት ቅርጫቱ ወረደ። ገመዱ ተወጥሮ ሲጢጥ ይላል። ሙቀጫው በጨርቅ እንደተጠቀለለ ነው፤ ስቀበለው እጄን ወደ ታች ጎተተው። ቀና ብዬ አየኋት፤ በበረንዳው ብረት ላይ ተደግፋለች።

«ኢንሻራህ፣ እኔ አይገባኝም፤» አልኳት። «የኒስሪን አማት አለች፤ እሷ ትወቅጠው።»

«የምታውቂውን ሥሪ፤ ዝም ብለሽ ሂጂ!» አለች። «ስልክሽን ግን ክፍት አድርጊልኝ። እስከ መጨረሻው።»

ደመንሁር ቤቱ በሴት ሞልቷል። በሰባተኛ ቀን ደንብ ልጁን ወንፊት ውስጥ አስተኝተውታል፤ ጨው ይበተናል፤ ኒስሪን ቁስሏን ይዛ እያነከሰች ሰባት ጊዜ ተሻገረችው። እኔን ስታይ መጀመሪያ ቀዘቀዘች፤ በኋላ መጥታ ራሷን ትከሻዬ ላይ ጣል አደረገች። ስልኩን ልጁ ጆሮ አጠገብ አስቀመጥኩና መውቀጥ ጀመርኩ። ናሱ ሲጮህ ልጁ ደነገጠና እጆቹን ዘረጋ።

«ቀስ! ቀስ በይ፣ ጎመን እየከተፍሽ አይደለም!» አለች ኢንሻራህ በስልኩ። ሴቶቹ ሳቁ። ከዚያ ድምፅዋ ለወጥ አለ፤ በአያቱ ስም ለተጠራው ልጅ ነው የምትናገረው። «አብዱልሐሚድ፣ እናትህን ስማ። አባትህንም ስማ። ጎረቤት ብላ ሲልህ ግን አትስማ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ አልሳቅኩም፤ ወቀጥኩ። በስልኩ ውስጥ ትንፋሽዋ ብቻ ይሰማል። ልጁ ቢያለቅስም እስኪበቃት ድረስ ወቀጥኩላት።

ስመለስ ኒስሪን በጥብጣብ የታሰረች ትንሽ ከረጢት ሰጠችኝ፤ ለውዝ፣ ሽምብራ፣ ከረሜላ፤ የልጁ ስም ተጽፎባታል። ለሰባተኛ ቀን እንግዳ ሁሉ የሚታደለው ነው። ከሁሉ በፊት የሚገባው ለአያቱ ነው። መንገዱን ሁሉ ከረጢቷን ጭኔ ላይ ይዤ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ብሰጣት፣ ያው ማሕሺዬ ነው። ብነፍጋት ደግሞ ልጁን አላየችው፣ አልታቀፈችው፣ ጣፋጩንም እኔ ነፈግኋት ማለት ነው።

ሁለተኛ ፎቅ ደርሼ ስጠራት ቅርጫቱ ወረደ። ሙቀጫውን አስቀመጥኩ። ከረጢቷን አጠገቡ አደረግኩና፣ ሰው እንዳያይብኝ መሰለኝ፣ የራስ መሸፈኛዬን ከላይ ጣል አደረግኩበት። ገመዱን ሳብኩት። ቅርጫቱ ቀስ እያለ ወጣ። የኤቭሊን እጅ ገመዱን ሳብ ሲያደርገው አየሁ፤ ከዚያ የሰባሕ።

በረንዳው ላይ ቆሜ ጠበቅኩ። ታች መንገድ ላይ የሐጂ መቶሊ ካውያ እንፋሎት ይተፋል።

ከዚያ ቅርጫቱ ተመልሶ ወረደና ፊቴ ቆመ። መሸፈኛዬ ላዩ ላይ እንዳለ ነው። በልማዴ ሳልገልጠው እጄን ከሥሩ ሰደድኩ። ጥብጣቧ እጄ ላይ ገባች፤ ከረጢቷ እንደታሰረች ነበረች።

እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሠላሳ ዓመት ኖሬያለሁ። ያ ቅርጫት የተላከለትን ምግብ ሲመልስ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ቀና ብዬ ባይ ገመዱን የያዘው እጇ ብቻ ይታያል። እንባዬ እየወረደ ገመዱን አንዴ ሳብኩት። እሷም ከላይ ሳበችው።